የዘጠነኛው ጉድጓድ ምክር ቤት

በቱሉ ገበያ ጠዋት ተነስቶ "ዛሬ ምን ላድርግ?" ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ሁሉን የሚያከፋፍለው ማሽን፣ መዳቢው፣ ይነግረዋል። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለችው ትንሽ ሳጥን ትሕትና የሞላበት ድምፅ ይወጣል፦ "እንደምን አደራችሁ። የእናንተ ውሃ ከቁርስ በኋላ ነው። ወይዘሮ አያንቱ ዛሬ በሰማያዊው አውቶቡስ ይሄዳሉ። ለጉልበትዎ ሐኪሙ ሐሙስ ይጠብቅዎታል።" ሰልፍ የለም፣ ግፊያ የለም። ጉቦም ጠፍቷል፤ ለማን ይሰጣል? ሠርግ እንኳ የሚደገሰው ድንኳኑና በሬው ከሌላ ሰው ሠርግ የማይጋጩበትን ቀን መዳቢው ሲሰጥ ነው። ይኸው ሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ገብቶ በዚህ የሚያማርር ሰው አላየሁም። "መዳቢው ያውቃል" ይባላል፤ ድሮ "እግዜር ያውቃል" ይባል እንደነበረው።

እኔ ትንግርት ወርዶፋ፣ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። ደንበኛ የሚመጣልኝ በምደባ ነው። ወሬው ግን ሳይመደብ ይመጣል፤ ጭንቅላቱን የሰጠሽ ሰው ሆዱንም መስጠቱ አይቀርም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መዳቢው "ይህች ልጅ ለእጅ ሥራ ትሆናለች" ብሎ ከትምህርት ቤት አወጣኝ። አልተሳሳተም፤ እጄ ወርቅ ነው። ጆሮዬን ግን የመደበልኝ የለም። ፀጉር ስሠራ የክልሉን ምክር ቤት ጉባኤ እከፍታለሁ። ደንበኞቼ "እባክሽ ይህን ጭቅጭቅ ዝጊልን" ይላሉ። አልዘጋም። ማንበብም፣ መከራከርም፣ ሰው ሳያስጨርሱ ጣልቃ አለመግባትንም የተማርኩት ከዚያ ነው። የመጨረሻውን እንኳ በደንብ አልተማርኩትም።

ነገሩ የጀመረው በሽንኩርት ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሳጥኗ "የሽንኩርት ችግኝ በዚህ ሳምንት ይተከል፤ ውሃ በየካቲት ይደርሳችኋል" አለች። አገሩ ሁሉ ተከለ። ሐይቁ ከእኛ ሸሽቶ ሸሽቶ የድሮው ፓምፕ አየር ነው የሚስበው። አዲሱ ፓምፕ ከሐይቁ እምብርት ላይ ተተክሎ አልቋል፤ የኤሌክትሪክ ድርሻ ግን አልተሰጠውም። እኛ ችግኙን ከመጠጥ ውሃችን እየቀነስን በጣሳ እያጠጣን ጠበቅን። የካቲት ገባ። ቦዩ ደረቅ ነው። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀመረ።

አክስቴ አያንቱ፣ ያሳደገችኝ ሴት፣ ሳጥኗ ፊት ቆመች።

"ውሃው መቼ ነው?"

"አዋጁ እንደ ጸደቀ።"

"የምን አዋጅ?"

"ነገ ለምክር ቤቱ የሚቀርበው። የመጽደቅ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው።"

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምክር ቤት አሁንም አለ እንዴ?"

"አለ፣ እታለም። ስትረግሚው የምትውዪው ጭቅጭቅ እሱ ነው።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃል? ሂጂና አፍጥኑት በያቸው። ቆይ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ አንቺ ብቻሽን ከሄድሽ ተሳድበሽ ትመጫለሽ።"

ሄድን። ጎረቤታችን አቶ ጉደታና ሌሎች ጥቂት ሰዎችም ተከተሉን።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ላንጋኖ ከተማ ዳር፣ አሉቶ ተራራ ግርጌ፣ በጥቁር ድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነው። ከጀርባው የእንፋሎት ጉድጓድ ሌትና ቀን ይተነፍሳል። ዘጠነኛው ጉድጓድ ይባላል። ክልሉ ሲቋቋም ስምንቱ ጉድጓዶች ለመስተዳድሩ ተሰጡ፤ አንዱን ሕገ መንግሥቱ ለምክር ቤቱ አተመለት። ምክር ቤቱ የሚተዳደረው ከዚያ በሚወጣው ኃይል ነው። መብራቱ፣ ማራገቢያው፣ የዘበኞቹ ምሳ፣ ከአንድ አስተማሪ ደመወዝ የማይበልጠው የአባላቱ ደመወዝ ሁሉ የእንፋሎቱ ልጅ ነው። የክልሉ ፕሬዚዳንት ልጨምርላችሁ ቢሉ አይችሉም፤ ልቀንስባችሁ ቢሉም አይችሉም። ጉድጓዱ ሲደክም ምክር ቤቱ ይደኸያል እንጂ እጁን ለማንም አይዘረጋም። የሚቆጣጠሩትን ሰው ቀለብ ሰፋሪ ማድረግ ሞኝነት መሆኑን እነዚያ መሥራቾች ገብቷቸው ነበር። ነፍሳቸውን ይማር፣ ብልሆች ነበሩ።

በክልሉ ውስጥ የመዳቢው ሳጥን የሌለበት ቤት ይህ ብቻ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ሰኔ ላይ፣ አንዲት ሳጥን ተሸክመው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧታል። አባላቱ ይጠይቃሉ፤ ለማን ሰጠህ፣ ከማን ወሰድክ፣ ለምን? መዳቢው አንድ በአንድ ይመልሳል፤ ዋሽቶ አያውቅም። ሲጨርስ "ልቀጥል?" ይላል። እጆች እስኪወጡ ድረስ ዝም ነው። በዚያች ሰዓት በክልሉ አውቶቡስ ይቆማል፣ የውሃ መስመር ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ በቆመበት ይቀራል። እኔ ያን ዝምታ ከዓመት በዓል አስበልጬ እወደዋለሁ። ያ ሁሉን የሚያውቅ ነገር የአንድን ዓሣ አጥማጅና የአንዲት አዋላጅ እጅ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ መስማት ያኮራል።

በሩ ላይ ዘበኛው "ደስ ያላችሁ ቦታ ተቀመጡ" አለን።

የቱሉ ገበያ ሰዎች በሩ ላይ ተቸነከሩ።

"የእኛ የትኛው ነው?" አሉ አቶ ጉደታ።

"ደስ ያላችሁ።"

"ደስ የሚለኝን በምን አውቃለሁ?" አለች አክስቴ፣ የእውነት ግራ ተጋብታ። ዘበኛው የለመደው ነገር ነው መሰለኝ፣ እጇን ይዞ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወሰዳት። እኔ ከጎኗ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ፤ ሁሉንም ለማየት ስለሚመች። ይህን ያህል እንኳ አውቃለሁ።

መቀመጫው መቶ ሃያ ነው። ግማሹ በየቀበሌው የተመረጠ፣ ግማሹ በዕጣ የወጣ ነው፤ አንድ ተመራጭ፣ አንድ ዕጣ የወጣለት እየተደረገ ይቀመጣሉ። ወገን ከወገኑ ጋር ተጠጋግቶ እንዳይንሾካሾክ ነው። የኮሚቴዎቹ አወቃቀር ደግሞ ይበልጣል፦ በጉዳዩ የሚጠቀም ሰው በጉዳዩ ኮሚቴ ውስጥ አይገባም። የዓሣን ሕግ የሚያጠኑት ዓሣ ሲሸታቸው አፍንጫቸውን የሚይዙ ደገኞች ናቸው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኸይሩ ሰማን የደጋ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ጎማ መጠገን፣ አገራቸው ዝናብ የማያጣ።

አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ኢርገቴ ገቡ። አጭር፣ ወፍራም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴት ናቸው። ፊታቸው በተቀመጠው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እጃቸውን ከተው መቀመጫ የተጻፈበት አንድ ጠጠር አወጡ።

"ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ።"

አክስቴ በክርኗ ወጋችኝ። "አንቺ! አንቺን ነው!"

ይህን ልማድ ለማያውቅ ልንገር። ሕግ የሚያረቅቀው መዳቢው ነው፤ እሱ ያረቀቀው አዋጅ ቢታተም ከርዝመቱ የተነሳ የሚሸከመው አህያ አይገኝም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ከጥንት የያዘው አንድ ደንብ አለ፦ ማንኛውም አዋጅ ድምፅ የሚሰጥበት፣ ጉባኤውን ለማየት ከመጣው ሕዝብ በዕጣ የወጣ አንድ ሰው ከደገመው በኋላ ነው። ደጋሚ ይባላል። ወረቀት አይዝም። የአዋጁን ቃላት መልሶ አይጠቀምም፤ በራሱ አፍ ነው የሚናገረው። በመጨረሻም አዋጁ በገዛ ቤቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ከዚያ አዋጁን ያቀረበው ሹም "ያልኸው ይህን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ሕዝቡ ደግሞ "ገባችሁ?" ይባላል። ሕዝቡ ካልገባው አባላቱ እጃቸውን ማንሳት አይችሉም። በሌላ አገር ሕግ የሚወጣው ሰው እንዲገዛበት ነው፤ እዚህ መጀመሪያ ሰው እንዲያወራው ነው።

አዋጁን ያቀረቡት የምደባ ቢሮ ኃላፊው አቶ ሚልኪያስ ሹንኩሬ ናቸው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ የናፈቀ ሰው። ፍሬ ነገሩን አነበቡ። ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ለቱሉ ገበያ ፓምፕ ሙሉ የኤሌክትሪክ ድርሻ ይሰጣል። እነ አቶ ጉደታ አጨበጨቡ። ሁለተኛው "የምደባ አገልግሎት ቀጣይነትን ያረጋግጣል"። እዚህ ላይ ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልተቃወመምም። አባላቱ ግን እርስ በርስ ተያዩ። እነሱ ገብቷቸዋል።

ለደጋሚ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ጓሮ ባለው አግዳሚ ላይ ዘበኛ አጠገቤ ተቀመጠ። ደጋሚ ያልገባትን ሹሙን ጠርታ መጠየቅ ትችላለች፤ ጠራኋቸው።

"አቶ ሚልኪያስ፣ ሁለተኛውን ክፍል በአማርኛ ይንገሩኝ።"

"ያነበብኩት በአማርኛ ነው" አሉ ፈገግ ብለው።

"እሱ የቢሮ ነው። የቤት አማርኛ ይሁንልኝ።"

ጎንበስ ብለው እጃቸውን አጣመሩ። "ሰኔ ላይ መዳቢው ቆሞ ሲጠብቅ ሰው ይጎዳል። ባለፈው ዓመት በዚያ ዝምታ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት መኪና አጥታ መንገድ ዳር ወለደች። እኔ ነኝ ሄጄ ያየኋት። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ነው።"

"ሴትየዋስ?"

"ተርፋለች። ልጁም ተርፏል። ሊሞቱ ግን ይችሉ ነበር።"

ውሸት አልነበረበትም። ሰው ሲዋሽ ከራስ ቅሉ አውቀዋለሁ፤ ጅማቱ ይወጠራል። የሳቸው አልተወጠረም።

"ስለዚህ ከእንግዲህ 'ልቀጥል?' አይልም።"

"ምክር ቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊጠራው ይችላል።"

"ባይመጣስ?"

"እስከ ዛሬ ቀርቶ አያውቅም።"

"እስከ ዛሬ ግዴታው ነበራ!"

ሳቁ። "የት ነው የተማርሽው?"

"ከእናንተ ጭቅጭቅ። ይልቅ ይንገሩኝ፣ ውሃውንና ይህን ምን አገናኛቸው? ለምን አብራችሁ አሰራችኋቸው?"

ሳቃቸው ቆመ። "እኔ አላሰርኳቸውም። ያረቀቀው መዳቢው ነው። ሁለቱ አብረው ሲቀርቡ የመጽደቅ ዕድላቸው..."

"በጣም ከፍተኛ ነው።"

"አዎ" አሉ። "በጣም ከፍተኛ ነው።" ተነስተው ሄዱ።

አክስቴ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ መጣች። ዘበኛው እጁን ዘረጋ። "እናቴ፣ ስለ አዋጁ ማውራት ክልክል ነው።"

"ማን ስለ አዋጅ አወራ? ስለ ሽንኩርት ነው የማወራው። ሽንኩርት ይከለከላል?"

ዘበኛው አሰበ። "ሽንኩርት... አይከለከልም።"

አጠገቤ ተቀመጠች። እንቁላሉን እየላጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስሚ። ያ ማሳ የእኔ ብቻ አይደለም። የጉደታም ነው፣ የሁሉም ነው። በዚህ ሳምንት ውሃ ካላገኘ አበቃለት። አንቺ ምላስሽ መቼም ምላጭ ነው፤ ዛሬ ጎን ጎኑን አይቁረጥ። ስለ ሽንኩርቱ ተናገሪ፣ ሌላውን 'ሥራው ይቀላጠፋል' በይና ቁጭ በይ። ይህ ውሸት ነው?"

"ውሸት አይደለም።"

"እሱን ነው የምልሽ። ጥያቄ ቀቅሎ የበላ ሰው አላየሁም። ሽንኩርት ግን አሳድጎሻል።"

ዘበኛው እንቁላሉን እያየ አልሰማሁም አለ።

አስቸጋሪው ይህ ነው። "ሥራው ይቀላጠፋል" ብል ማንም ሐሰተኛ ሊለኝ አይችልም። የራሴ ቃል ነው፣ አጭር ነው፣ እውነት ነው። ሕዝቡ "ገባን" ይላል፤ አባላቱም ሽንኩርት የተከለ ሕዝብ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እጃቸውን ማጠፍ ይከብዳቸዋል። በማግሥቱ ቦዩ ይሞላል። አክስቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ምላስ ትኮራለች።

ደወል ተደወለ። ገባሁ። አዳራሹ መሃል ላይ ደጋሚ የሚቆምበት አንድ ጥርብ ድንጋይ አለ። የሰው እግር መሃሉን አጎድጉዶታል። እላዩ ላይ ቆምኩ።

"ውሃ ሊሰጡን ነው" አልኩ። "ለቱሉ ገበያ። ፓምፑ ተተክሏል፣ አሁን መብራቱን ይለቁለታል። ሙሉ ውሃ። ይህ የመጀመሪያው ነው።"

ወገኖቼ ተደሰቱ። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፦ እንዲያ ነው፣ ቀጥይ፣ ቶሎ ጨርሺ።

"ሁለተኛው እንዲህ ነው። መዳቢው ሰኔ ሰኔ እዚህ መጥቶ ምን እንዳደረገ ይናገራል። ከዚያ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቀናል። እስክንመልስለት ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ሰው ይቸገራል። ይህን አቶ ሚልኪያስ ነግረውኛል፣ እውነታቸውን ነው። ይህ ነገር ከጸደቀ ከእንግዲህ አይጠይቅም። ይቀጥላል። የዛሬ ዓመትም፣ የልጅ ልጆቻችሁ ጊዜም። እናንተ ልትጠሩት ትችላላችሁ፤ እሱ ግን እናንተን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።"

አክስቴን ላለማየት ጣራውን አየሁ።

"በቤቴ ላይ የሚያደርገውን ልናገር። ቤቴ የአክስቴ የሽንኩርት ማሳ ነው። ይህ ካልጸደቀ ይደርቃል። ሽንኩርቱ የተተከለው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ትከሉ ያለን መዳቢው ነው፤ ውሃ በየካቲት ይደርሳችኋል አለን። እናንተ ገና ይህን ወረቀት ሳታዩት። ጨረስኩ።"

አቶ ኸይሩ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥለው በቁጣ ተነሱ።

"ቆይ እስቲ! ታኅሣሥ ላይ? ይህ ማለት እኮ የእኛን እጅም መድቦታል ማለት ነው! ሽንኩርቱን ተክሎ፣ ውሃውን ቆጥሮ፣ እጃችንን መቼ እንደምናነሳ እንኳ..."

"አቶ ኸይሩ፣ ተራዎ አልደረሰም" አሉ አፈ ጉባኤዋ። ወደ ሹሙ ዞሩ። "አቶ ሚልኪያስ፣ ያሉት ይህን ነው?"

አቶ ሚልኪያስ ቆሙ። አይደለም ቢሉ ሌላ ደጋሚ ይወጣል፤ ምናልባትም ምላሷ የለሰለሰ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ወደ አባላቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

"ይህን ነው" አሉ። "እኔ ካነበብኩት ይልቅ ይህ ነው።"

በዚያች ደቂቃ ያንን ሰውዬ አከበርኩት። የቢሮ ሰው ማክበር ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

"ገባችሁ?" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን ለሕዝቡ።

"ገባን" አለ ሕዝቡ። ከመሃል የአክስቴ ድምፅ ብቻውን ዘግይቶ መጣ፦ "ገባኝ፣ አፈር ያስበላትና።"

ምክር ቤቱ የሌላ ሰው አዋጅ ቆራርጦ የሚጥመውን ብቻ መውሰድ አይችልም። ወይ ሙሉውን ይቀበላል፣ ወይ ሙሉውን ይመልሳል፤ የተመለሰ ደግሞ ከክረምት በፊት አይቀርብም። እጅ ተቆጠረ። አዋጁ ተመለሰ።

አክስቴ ብድግ አለች። "ሽንኩርቴስ? እናንተ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ሽንኩርቴን ማን ይጠይቅልኛል?"

ዘበኞቹ አልተንቀሳቀሱም። አፈ ጉባኤዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩአት። "እናቴ፣ ጥያቄዎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። መልስ የሚሰጥ አባል አለ?"

አቶ ኸይሩ እንደ ቆሙ ነበሩ። "አፈ ጉባኤዋ፣ ዘጠነኛው ጉድጓድ የማን ነው?"

"የምክር ቤቱ።"

"በእሱ ላይ ለመወሰን ማንን እናስፈቅዳለን?"

"ማንንም።"

"እንግዲያው ለቱሉ ገበያ ፓምፕ ይዋል። እስከ መኸር።"

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ተመራጭ፣ አቶ ፈለቀ የሚባሉ ደልዳላ ሰው፣ ማራገቢያውን እያመለከቱ "የካቲት ነው እኮ ጎበዝ! ይህ ጥቁር ድንጋይ መጋቢት ላይ ምጣድ ነው የሚሆነው! ደመወዛችንስ?" አሉ።

"አቶ ፈለቀ፣ ትንሽ ቢቀልጡ አይጎዳዎትም" አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው ዕጣ የወጣላት አዋላጅ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

የጉድጓዱ ኃይል ተሰላ። አዳራሹ ቃለ ጉባኤ የምትቀዳውን መሣሪያ ብቻ አስቀርቶ ሁሉን ቢሰጥ ፓምፑን ግማሽ ያሠራል። ግማሽ ውሃ። አባላቱ እስከ መኸር ያለ ደመወዝ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ማራገቢያ ይሰበሰባሉ፤ ፀሐይ ስትገባ ይበተናሉ። "እጅ!" አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። እጆች ወጡ። የአቶ ፈለቀ እጅ ከወንበሩ ክንድ ላይ ቆየ። ከዚያ እሱም ወጣ፤ ሰውየው እጃቸውን ከፍ አድርገው ማራገቢያውን እንደሚሰናበቱት አዩት።

ማራገቢያዎቹ ዞረው ዞረው ቆሙ። መብራቱ ጠፋ። ሙቀቱ ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ወረደብን።

"ቀጣዩ አጀንዳ" አሉ አፈ ጉባኤዋ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ "የዓሣ መረብ ዓይን ስፋት።"

ደገኞቹም ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ በልተውት ስለማያውቁት ዓሣ አምርረው መከራከር ጀመሩ። እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም፤ አድናቆት ከአፌ የሚወጣው ጥርስ እንደሚነቀል ነው። ያን ቀን ግን እነዚያ ላብ ላብ የሚሸቱ ሰዎች እስኪጨርሱ ድረስ ከአዳራሹ መውጣት አልቻልኩም።

አክስቴ ወደ ቤት ስንመለስ ከአቶ ጉደታ ጋር ብቻ እያወራች ሄደች።

ውሃው በሚመጣበት ጠዋት የቱሉ ገበያ ሰው ዶማውን ይዞ የቦዩ መክፈያ ላይ ተሰበሰበ። ሁሉም ሳጥኑን ጠይቆ ነው የመጣው። ሳጥኗ ለሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጠችው፦ "ይህ ውሃ በእኔ ምደባ ውስጥ አይደለም። መልካም ዕድል።"

መዳቢው "መልካም ዕድል" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ደስ አላለኝም።

ግማሽ ውሃ ነው። ታዲያ የማን ማሳ ይጠጣ? አንዱ ሌላውን ያያል፤ ሌላው ሰማይ ያያል። ሽማግሌዎቹ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር በመጨረሻ የወሰኑበትን ጊዜ አያስታውሱም። የእኔ ምላስ፣ ያ ምላጭ የሚሉት፣ ደረቀ። የሰው ቃል መድገም እችላለሁ፤ የመጀመሪያውን ቃል መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች አክስቴ በመጨረሻ። "አንድ ሰው ይናገርና እንጣላ!"

ተጣላን። አቤት ስንጣላ! አንዱ ልጅ የበዛበት ይቅደም አለ፤ ሌላው ቦዩ የቀረበው ይቅደም አለ፤ አንዲት መበለት ሁለቱንም ሰደበች። አቶ ጉደታ ዕጣ ይውጣ አሉ። "የአንዱ ልጅ ጠግቦ የሌላው ሊራብ?" ተባሉ። የሰፈሬ ሰው እንዲህ መጮህ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ውሃው መጣ፤ እኛ ግን ገና አልተስማማንም። መክፈያው ላይ ደርሶ፣ ተጠራቅሞ፣ ሊገነፍል ሲል ነው ነገሩ የተቆረጠው፦ ማንም ሙሉ አይጠጣ፣ ማንም ባዶ አይቅር። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ማሳው አንድ ቦይ ይክፈት፣ አንድ ቦይ ይድፈን።

እያንዳንዱም በገዛ እጁ።

አክስቴ ዶማዋን አንስታ የመጀመሪያውን ቦይ ደፈነች፤ ምክር ቤቱን፣ ጉድጓዱንና እኔን በየተራ እየረገመች። በዚያ ቦይ ዳር ያለው ሽንኩርት ሊሞት ነው፤ እሷ ናት የምትገድለው፤ ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ስትደፍን አልተሳደበችም። እኔም ከጎኗ ሆኜ አፈር እገፋ ነበር። ሦስተኛውን ጨርሳ ቀና ስትል ዓይኗ የጎረቤቷ ማሳ ላይ አረፈ። ከድርሻው በላይ አንዲት ቦይ ውሃ እያብለጨለጨች ትሄዳለች።

"አቶ ጉደታ!" ብላ ጮኸች፣ ዶማዋን ተደግፋ። "ያቺ ቦይ ለምን ተከፈተች? እዚህ መጥተው ይንገሩን!"

ማሳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ጠበቀ። አቶ ጉደታ ወደ ሳጥናቸው አልዞሩም፤ ሊዞሩ ቢሉም የሚነግራቸው የለም። ኮፍያቸውን አውልቀው መልስ ሊሰጡ ወደ እኛ መጡ።